አሥራ ስድስት ኩንታል

የሁለቱን ባለጎማ ቤቶች የሽያጭ ዝርዝር በታይፕ የመታችው ወይንሸት ራሷ ነበረች። ትንሹ ሰባት ኩንታል ይመዝናል፤ ዋጋው ሺህ አንድ መቶ ብር። ትልቁ አሥራ ስድስት ኩንታል፤ ዋጋው ሁለት ሺህ አራት መቶ። የመንገድ ቅየሳ ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ከአሰላ ሊነሳ ነው። ፈረንጆቹ መሐንዲሶች ከመኪና ኋላ አስረው እየጎተቱ፣ በደረሱበት እያቆሙ ሲኖሩባቸው የቆዩት እነዚያ ቤቶች አሁን ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ገዢ ይጠብቃሉ። ጊዜው ጥር 1965 ነው። ስንዴው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ስለ ሰርግ የሚያወራበት ወር።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሴኖ ከዲሮ የሚባለው መካኒክ መጣ። ከኢተያ እስከ አርቦዬ፣ ከአርቦዬ እስከ አቦምሳ ድረስ የእርሻ መኪና ሲሰበር የሚጠራው እሱ ነው። አሮጌ ላንድሮቨሩን ከበሩ ላይ አቁሞ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ቢሮዋ ገባ። ከተዋደዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ባለበት ግን የማይተዋወቁ መምሰልን ተክነውበታል።

«የቱን ነው ማየት የሚፈልጉት፣ አቶ ሁሴኖ?» አለች፣ ሳቋን ከንፈሯ ላይ አፍና።

«ሁለቱንም ያሳዩኝ፣ ወይዘሪት። ቤት ሳያዩ አይገዛም።»

ዘበኛው ሰማ፤ አላወቀባቸውም። ትንሹን ቶሎ አዩት። ጎንበስ ብለው ገቡ፣ ጎንበስ ብለው ወጡ። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንዲት መስኮት። ወደ ትልቁ ሲገቡና በሩ ሲዘጋ ግን ሁሴኖ «እርስዎ» ማለቱን ተወ።

«ወይንዬ፣ ነይ ይህን እይልኝ!» አለና በስተኋላ ያለችውን ጠባብ በር ከፈተ። ከበሩ ወዲያ ለአንድ ሰው የሚሆን አልጋ ያላት ክፍል አለች። መስኮቷ ሰፊ ነው፤ ጭላሎ ተራራ ከነደመናው ይታይባታል። «ይቺ የእናቴ ናት» አለ።

ወይንሸት እናቱን አይታቸው አታውቅም። ታሪካቸውን ግን ታውቃለች፤ የራሷም ቤት ታሪክ ነውና። ከአምስት ዓመት በፊት አባቷ ቀኛዝማች ወልደአማኑኤል ትራክተር ሲገዙ አርባ ጭሰኛ ከመሬታቸው አስነስተዋል። የሁሴኖ አባት አንዱ ነበሩ። በቀጣዩ ክረምት ሞቱ። እናቱ ሀሊሜ ዛሬ ድረስ ኢተያ ከወንድማቸው የእህል ማከማቻ ውስጥ ነው የሚያድሩት።

«ባለጎማ ቤት ውስጥ ያለን ሰው ተነስ የሚለው የለም» አለ ሁሴኖ። «ቢነሳም ቤቱን ይዞ ነው የሚነሳው። እኔ፣ አንቺ፣ እሷ። ሥራ ባለበት እየዞርን።»

ወይንሸት መስኮቱን አየች፤ ከዚያ ዝርዝሩ ትዝ አላት።

«ሁሴኖ፣ መኪናህ አይችለውም። የእኛን ላንድሮቨሮች ወረቀት የምመታው እኔ ነኝ፤ ያንተው ዓይነት ናቸው። በሜዳ ሃያ ኩንታል ይጎትታል። በዳገት ከአሥር በላይ ካስያዝከው ፍሪሲዮኑን ታቃጥለዋለህ። ትንሹን እንውሰድ። ለእናትህ ኢተያ አንድ ክፍል እንከራይላቸው።»

ሁሴኖ የከፈታትን በር ቀስ አድርጎ መለሳት።

«የከበደሽ ቤቱ ነው፣ እናቴ ናት?»

«ሁሴኖ!»

«ገባኝ።»

ወጡ። ዘበኛው ደጃፉ ላይ ቆሟል። ሁሴኖ ባርኔጣውን አነሳ፤ «አስቤበት እመለሳለሁ፣ ወይዘሪት። አደከምኩዎት» አለና ሄደ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሳቁበት «እርስዎ» ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ጥፊ ፊቷን አቃጠላት።

* * *

እሁድን እንቅልፍ ሳይወስዳት አሳለፈች። ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ደብዳቤ ጻፈች።

«ሁሴኖ፣ ቅዳሜ የተናገርኩት ከአፌ ሳይወጣ ነው የጸጸተኝ። እናትህን ሸሽቼ አይደለም። ትልቁ ቤት ባዶውን አሥራ ስድስት ኩንታል ነው፤ ዕቃ ሲገባበት አሥራ ስምንት ይሆናል። መሐንዲሱን ጠይቄው ነበር። ዳገት ላይ ሞተሩ ከደከመ ቤቱ ነው መኪናውን ወደ ኋላ የሚጎትተው፣ ሰውም ይገድላል አለኝ። የፈራሁት ይህንን ብቻ ነው። ትንሹን እንግዛ። አልጋውን ለእናትህ እንሰጥና እኛ ወለሉ ላይ እንተኛለን። አንተ ካለህ ወለሉ አይቀዘቅዘኝም። ያንተው ወይንሸት።»

ደብዳቤውን ለቤታቸው ሠራተኛ ለብርቄ ሰጠቻት። ሁሴኖ የሚውልበት ጎሚስታ ቤት ወስዳ በእጁ እንድትሰጥ አስማለቻት። ብርቄ በምሳ ሰዓት ተመልሳ «አድርሻለሁ፣ እትዬ» ስትል ዓይኗ መሬት መሬት ያይ ነበር። ወይንሸት ከደስታዋ ብዛት ይህን ልብ አላለችውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሴኖ የላካቸው ሁለት ሽማግሌዎች ወደ ቀኛዝማች ግቢ ዳገቱን ሲወጡ አየች። ደብዳቤዬ ሥራውን ሠራ አለች። እናቷን ወይዘሮ አሰፋችን እጃቸውን ይዛ ከሳሎኑ በር ኋላ ቆመች። አባቷ በረንዳው ላይ እንግዶቹን አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ የሽማግሌዎቹን ቃል እስከ መጨረሻው አዳመጡ። አልተቆጡም። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

«ልጁ ሠራተኛ ነው ሲባል እሰማለሁ። የማን ልጅ እንደሆነም አውቃለሁ። ሃይማኖቱን ለፈጣሪ እተወዋለሁ።»

ወይንሸት የእናቷን እጅ ጨመቀች።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምለው» ቀጠሉ ቀኛዝማች። «ልጄ ጎንበስ ብላ በምትገባበት ሣጥን ውስጥ አትኖርም። ትልቁን ቤት ይግዛ። ገዝቶ፣ በራሱ መኪና እየጎተተ ይህን ዳገት ይውጣና ከደጄ ያቁመው። እሁድ ሳምንት እንግዶች አሉኝ። በእንግዶቼ ፊት ልጄን እሰጠዋለሁ።»

«ቀኛዝማች፣ ዳገቱ እኮ…» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«ቤቱ አሥራ ስድስት ኩንታል ነው። መኪናው በዳገት አሥር ይችላል። ይህን የነገረችኝ ልጄ ናት፤ እንዲህ ብላለች ብላችሁ ንገሩት። ወንድ ከሆነ ይሞክረዋል።»

ወይንሸት ጆሮዋ ሥር ሰው ያጨበጨበ ይመስል ደነገጠች። ለአባቷ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ከመሥሪያ ቤት ሰው ሰምተው ይሆናል ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ ራሷን አጽናናች፤ ደብዳቤዬ በእጁ ነው፣ ያንን ያነበበ ሰው እንዴት እኔን ይጠረጥራል? ትንሹን ይዞ ይመጣል፣ አባቴም ሲያዩት ይረታሉ። እንዲህ እያለች ለራሷ ተረት አወራች።

በማግስቱ ወደ ሥራ ልትሄድ ስትል የግቢው በር ተቆልፎ አገኘችው። «ሙሽራ ደጅ አትወጣም» አሉ አባቷ፣ ፈገግ ብለው።

ረቡዕ አንደኛው ሽማግሌ አንዲት ብጣሽ ወረቀት በእናቷ በኩል አስገቡላት። የሁሴኖ ጽሕፈት ነው።

«ለወይዘሪት ወይንሸት። ትልቁን ገዝቻለሁ። የጎደለኝን የብየዳ መሣሪያዬንና የመፍቻ ሣጥኔን ሸጬ ሞላሁት። የከበደዎትን ቤት እሁድ ከደጅዎ ያዩታል። ሁሴኖ ከዲሮ።»

ስድስት ጊዜ አነበበችው። የሥራ ዕቃውን የሸጠ መካኒክ እጁን እንደሸጠ ነው። ግን ከዚያ ይልቅ ያንገበገባት «እርስዎ» የሚለው ነበር። ደብዳቤዬን እያነበበ፣ ወለሉ ላይ እንተኛ እያልኩት፣ እንዴት እንዲህ ይጽፍልኛል? የምትጠይቀው ሰው አልነበራትም። ወረቀቱን ጡቷ ሥር ከትታ ግድግዳ ግድግዳ ስታይ ዋለች።

* * *

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሃያ የሚሆኑ እንግዶች መጡ። ወይንሸት ነጭ ልብሷን ለብሳ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ወንበሮቹን ነው። ወንበሮቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረዋል። እንግዳ የተጠራበት ግብዣ ከሆነ ጠረጴዛው መሐል ይሆናል እንጂ ሁሉም ቁልቁል ዳገቱን አያይም። ያን ጊዜ ነገሩ ገባት። አባቷ ሰው የጠሩት ለትርኢት ነው።

«አባባ፣ ይቅርበት ይበሉት። አይወጣውም» አለች ከእግራቸው ሥር ተንበርክካ።

«አይወጣውም እንዴ?» አሉ ቀኛዝማች ቀና ብለው ሳያዩዋት። «እንግዲያስ ይሞክረዋ።»

ከታች ላንድሮቨሩ ታየ። ከኋላው ነጩ ቤት ከመኪናው ሁለት እጥፍ ገዝፎ ይከተለዋል። ሁሴኖ ከዳገቱ ግርጌ አቁሞ ሞተሩን አበረደ። ቤቱን ለማቅለል የብረት ምድጃውን፣ ቁም ሣጥኑን፣ የውሃ በርሜሉን ነቅሎ ጥሎ ነው የመጣው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተነሳ።

«ወይራው ጋ አይደርስም» አለ አንዱ እንግዳ።

«ይደርሳል። ከወይራው ግን አያልፍም» አለ ሌላው። ሳቁ።

መኪናው በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ወጣ። አንደኛውን መታጠፊያ አለፈ። ወይራው ጋ ደረሰ። ወይራውን አለፈው! ወይንሸት ሳይታወቃት «በርታ!» ብላ ጮኸች። እንግዶቹም ጨዋታው ሊበላሽ መሆኑን አይተው ሳቃቸውን አቆሙ። ለአንድ አፍታ፣ ለዚያች አንድ አፍታ ብቻ፣ ሁሉም ነገር ሊሆን የሚችል መሰላት፤ ቤቱ ከደጁ ሊቆም፣ እሷም ደረጃውን ወጥታ ልትገባ።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ነጭ ጭስ ወጣ። የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ግቢው ድረስ መጣ። መኪናው ቆመ። ከዚያ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ አንድ ክንድ። ልክ በዚያች ቅጽበት ቤቱ ዞር ሲል የኋላው ሰፊ መስኮት ወደ ግቢው ተመለሰ፤ ወይንሸት ከመስታወቱ በስተጀርባ ጥቁር ሻሽ ያሰረ የሰው ራስ አየች።

«ሰው አለበት!» አለች። «ውስጡ ሰው አለበት!»

ሁሴኖ ገደል እንዳይገባ መሪውን ወደ ተራራው ጥግ ሰበረው። መኪናው ከድንጋዩ ጋር ተላተመ፤ መንጠቆው ተበጠሰ፤ አሥራ ስድስቱ ኩንታል በጎኑ ተኝቶ እንደ ቆርቆሮ ጣሳ እየተጨማደደ ቦዩ ውስጥ ገባ። ሁሴኖ ከመኪናው በመስኮት ወጣ። ግንባሩ እየደማ ነው። መኪናውን አላየም። «አዮ! አዮ!» እያለ፣ ልጅ ሳለ እናቱን በሚጠራበት በኦሮምኛው እየጮኸ፣ ወደ ተገለበጠው ቤት ሮጠ።

ወይንሸት ነጠላዋ ተጥሎ፣ ጫማዋ ወልቆ፣ ቁልቁል በረረች። ስትደርስ ሁሴኖ አንዲት ቀጭን አሮጊት ታቅፎ ከመስኮቱ እየጎተተ ነበር። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ያቃስታሉ። ልትረዳው እጇን ዘረጋች። ሁሴኖ ቀና ብሎ አያት። ያ ዓይን ሁለት ዓመት ሙሉ ያየችው ዓይን አልነበረም።

«አሁን ረካችሁ?» አላት።

«ረካሽ» አላላትም። «ረካችሁ» ነው ያላት፤ ከአባቷ፣ ከእንግዶቹ፣ ከወንበሮቹ ጋር አንድ አድርጎ። የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

* * *

እንግዶቹ ተበተኑ። ወይንሸት በባዶ እግሯ ዳገቱን ወጥታ አባቷ ፊት ቆመች።

«እኔ ነግሬዎት አላውቅም። ለምን ልጄ ነገረችኝ አሉ?»

ቀኛዝማች ከካፖርታቸው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የራሷ ደብዳቤ ነው። ብርቄ ሰኞ ዕለት ከግቢው ሳትወጣ ነበር ያስረከበቻቸው።

«ጽሕፈትሽ ያምራል» አሉ። «ኩንታሉንም፣ ዳገቱንም፣ ሰው እንደሚገድልም በደንብ አስረድተሻል። ምክርሽን ተጠቅሜበታለሁ።»

«አውቀው ነው? ሊሞት እንደሚችል አውቀው?»

«ብከለክልሽ ትኮበልያለሽ። እኔ ደግሞ በራሱ ጊዜ እንዲወድቅ ፈለግሁ። አሮጊቷን አሳፍር ያለው የለም።» ወረቀቱን ዘረጉላት። «እንኪ፤ አሁን ላኪለት።»

ወይዘሮ አሰፋች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ያለቅሳሉ። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ባላቸው ፊት ተናግረው አያውቁም። ወይንሸት ደብዳቤዋን ተቀበለች። ጫማዋን ሳትፈልግ፣ ልብሷን ሳትይዝ፣ ከዚያ ግቢ ወጣች። «ወይንዬ» የሚለው የእናቷ ድምፅ እስከ ወይራው ድረስ ተከተላት። አልዞረችም።

* * *

ሀሊሜ ዳሌያቸው ተሰብሯል። ይድናሉ፣ በእግራቸው ግን አይሄዱም አለ ሐኪሙ። ወይንሸት አንዲት የመሥሪያ ቤት ጓደኛዋ ዘንድ ተጠግታ፣ ሁሴኖ የተሰበረ መኪናውን ለማንሳት በሚሮጥበት ሰዓት፣ ጠዋት ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ትመጣ ጀመር። ፊታቸውን ታጥባቸዋለች፣ ሾርባ ታጠጣቸዋለች፣ ጸጉራቸውን ታበጥራለች። ሀሊሜ የሆስፒታሉ ሠራተኛ አድርገው ቆጠሯት።

«እጅሽ ደግ ነው፣ ኢንተሎ» ይሏታል፤ ሴት ልጃቸውን እንደሚጠሩ አድርገው በኦሮምኛ። በአራተኛው ቀን እጇን ይዘው ወሬ ጀመሩላት። «ልጄ መኪናው ውስጥ ከፊት ተቀመጪ አለኝ። እምቢ አልኩት። ከዚያ ግቢ በእግሬ ነው የወጣሁት፣ ባሌን ደግፌ፣ ድስቴን ተሸክሜ። ስመለስ በራሴ ቤት፣ በራሴ መስኮት እያየሁ ልግባ አልኩት። ኩራት ነው፣ ልጄ። ኩራቴ ነው የሰበረኝ። ሙሽራዪቱን ለማየትም ቸኩዬ ነበር።»

ወይንሸት አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ሁሴኖ ገባ።

እንዳያት ፊቱ ጠቆረ። አፉን ሳይከፍት ወረቀቱን ሰጠችው። «አንብበው፤ ከዚያ ውጪ ካልከኝ እወጣለሁ» አለችው። ቆሞ አነበበ። ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። ወለሉ ላይ እንተኛለን የሚለው ጋ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈበት።

«መቼ ነው የጻፍሽው?»

«ቤቶቹን ካየን በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት። ዳገቱን ከመውጣትህ በፊት። አልደረሰህም። አባቴ እጅ ነው የገባው።»

ሁሴኖ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ቅዳሜ ተቀይሜሽም ልተውሽ ስላልቻልኩ ነው ሽማግሌ የላክሁት። ከዚያ እኮ አሾፈችብኝ አልኩ» አለ። «ልጄ ነግራኛለች ብለዋል ሲሉኝ ከአባቷ ጋር ተመካክራ ነው አልኩ። ለእልህ ወጣሁት። ወይኔ፣ ለእልህ! ይቅር በይኝ። ይቅር በይኝ!»

እጇን ያዘ። ወይንሸት ከዚያ እሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ገባ። ሁሉም የጠፋ መስሏት ነበር፤ አሁን ሞቃቱ እጁ እጇ ውስጥ ነው። ቤት ባይኖርም፣ መኪና ባይኖርም ይህ አለ።

«ኢንተሎ» አሉ ሀሊሜ ከአልጋቸው። ሲነጋገሩ ሁሉንም ሰምተዋል። «የማን ልጅ ነሽ?»

ሁሴኖ አንገቱን ደፋ። ወይንሸት እንዲመልስላት ጠበቀችው፤ አልመለሰላትም። የሚቀረው እሷ ራሷ መናገሯ ነበር።

«የቀኛዝማች ወልደአማኑኤል።»

አሮጊቷ አልጮኹም። አልተራገሙም። ብርድ ልብሱ ላይ የነበረውን እጃቸውን ቀስ ብለው ሰብስበው ከውስጥ አስገቡት። ልጃቸውን አዩት፤ እሱም እናቱን አያቸው፤ ከዚያም ሳይታወቀው ይመስል የወይንሸትን እጅ ለቀቀ።

«አንቺ ምንም አላደረግሽኝም» አሉ ሀሊሜ። «እጅሽ ደግ ነው ያልኩትን አላነሳም። ከዳገቱ በፊት ለሙሽርነትሽ እሺ ብዬ ነበር፤ አባትሽ ያደረገውን ከሰማሁ በኋላ ግን አንቺን ባየሁ ቁጥር ባሌ ተደግፎኝ ከመሬታችን ሲወጣ ነው የማየው። የቀረኝ ዕድሜ ትንሽ ነው፤ ያንን እያየሁ ልጨርሰው አልችልም። ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«ቤት የለኝም፣ እናቴ» አለች ወይንሸት። «ትቼው ወጥቻለሁ።»

ሀሊሜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እኔም አልነበረኝም» አሉ። «ኖሬያለሁ።»

ሁሴኖ እስከ በሩ ሸኛት። ከንፈሩን ከፈተ፤ ስሟን ሊጠራ ነበር። ከኋላው እናቱ አቃሰቱ። ዞረ፤ ሄደ። ወይንሸት ኮሪደሩ ላይ ብቻዋን ቀረች። ይቅርታውን አግኝታለች፣ እውነቱም ወጥቶላታል፣ እንደሚወዳትም አሁን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ይህን ሁሉ ይዛ ግን ወዴት እንደምትሄድ አላወቀችም።